ሊኑክስ ላይ ዴስክቶፕ ከመቀያየራችሁ በፊት

ሊኑክስ የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ አንድ ጥያቄ ላይ ይደርሳል። ከዴስክቶፖቹ ግኖም ይሻላል ወይስ ኬዲኢ? ወይስ ቀለል ያለው ኤክስኤፍሲኢ? እኔ ይቺን ጥያቄ ይዤ ወራት ባክኛለሁ። አንዱን ስጭን ሌላውን ሳነሳ ሥራዬ ተጓተተ። በመጨረሻም ሥራ ማስረከብ በነበረብኝ ሰሞን ኮምፒውተሬ ጥቁር ስክሪን ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ሰረዝ ብቻ እያሳየኝ ቀረ። አሁን ሁሉም ተስተካክሏል። ያኔ ግን አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢያስረዳኝ ኖሮ አብዛኛው ጣጣ ባልመጣ ነበር።

መጀመሪያ ለአዲሶች። ዊንዶውስና ማክ ላይ የምታዩት ገጽታ ከሲስተሙ ጋር አብሮ የሚመጣ ነው፤ ነጥላችሁ አታወጡትም። ሊኑክስ ላይ ግን ለብቻው ነው። ከሥር ከርነሉ አለ፤ ሃርድዌሩን የሚያዘው እሱ ነው። ዴስክቶፑ ከላይ ይጫናል። መስኮቶቹ፣ ታስክባሩ፣ ሴቲንጉ፣ ፋይል የምትከፍቱበት ፕሮግራም፣ ኖቲፊኬሽኑ፣ እነዚህ የዴስክቶፑ ድርሻ ናቸው። አንዱን ጥሎ ሌላውን መጫን የሚቻለውም ለዚህ ነው።

የምርጫው ብዛት ታሪክ አለው (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ኬዲኢን በ1996 የጀመረው ማቲያስ ኤትሪክ የሚባል ጀርመናዊ ተማሪ ነው። ኬዲኢ የተሠራበት ኪውቲ የሚባለው መሣሪያ ግን ያኔ ፈቃዱ ሙሉ በሙሉ ነፃ አልነበረም። ይሄ ያልተዋጠላቸው ሚጌል ደ ኢካዛና ፌዴሪኮ ሜና በ1997 ግኖምን ጀመሩ። የፈቃዱ ጉዳይ ከተፈታ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ክርክሩ ግን እንደቀጠለ ነው፤ አዲስ ሰው ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስም ብዙ ጊዜ የዚያ ክርክር ትርፍራፊ ነው።

ወደ እኔ ልመለስ። ላፕቶፔ 4 ጊጋባይት ራም ያለው ያገለገለ ዕቃ ነበር። ዲስኩም የድሮው የሚሽከረከረው ዓይነት። ግኖም ነበረበት። ይንቀራፈፋል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ስታክ ያደርጋል። ዋይፋዩ በየመሀሉ ይቋረጣል። ክዳኑን ዘግቼ ስከፍተው አልነቃም የሚልበት ቀን አለ። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ "ግኖም ከባድ ነው፣ ቀይሪው" አለኝ። ግኖምን ሳላነሳ ኤክስኤፍሲኢን ከላዩ ጫንኩበት። ቀለል አለኝ። ዋይፋዩ ግን መቋረጡን አልተወም። ጥቂት ቆይቼ ኬዲኢ ፕላዝማን (የኬዲኢ ዴስክቶፕ ሙሉ ስሙ ይሄ ነው) ጨመርኩ። እሱም መጀመሪያ ላይ የሚበር መሰለኝ። አዲስ ዴስክቶፕ ሁሌም እንደዚያ ነው። ገና ምንም አልከፈታችሁበትም፣ ብሮውዘሩም ገና በታብ አልተሞላም።

ሦስት ዴስክቶፕ አንድ ኮምፒውተር ላይ ማኖር ይቻላል። ሎግ ኢን ገጹ ላይ ትንሽ የማርሽ ምልክት አለች፤ እሷን ተጭናችሁ የትኛው ውስጥ እንደምትገቡ ትመርጣላችሁ። ችግሩ ሁሉም ሴቲንጋቸውን የሚያስቀምጡት በአንዱ ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ መሆኑ ነው። አንዱ የነካውን ሌላው ያነበዋል። እኔ ጋ ሜኑው ውስጥ ሁለት የፋይል ፕሮግራም፣ ሁለት ተርሚናል፣ የማይቆጠር የጽሑፍ ማረሚያ ተደረደረ። ፒዲኤፍ ዛሬ በዚህ ይከፈታል፣ ነገ በዚያ። ኬዲኢ ላይ የመረጥኩት ጥቁር ገጽታ የግኖም ፕሮግራሞች ላይ ግማሽ በግማሽ ሠርቶ ጥቁር ጽሑፍ በጥቁር መደብ ላይ አመጣብኝ።

ከሁሉም ያናደደኝ የፓስወርዱ ነገር ነው። ግኖም ፓስወርድ የሚያስቀምጥበት ኪሪንግ የሚባል አለው። ኬዲኢም ዋሌት የሚባል የራሱ አለው። አንዳንድ ብሮውዘሮች በየትኛው ዴስክቶፕ ውስጥ እንዳላችሁ አይተው ነው አንዱን የሚመርጡት። ስለዚህ ግኖም ውስጥ ሆኜ ያስቀመጥኩት ፓስወርድ ኬዲኢ ውስጥ ስገባ የለም። ጠፋ ብዬ ስንቱን አካውንት እንደ አዲስ ቀየርኩ! አልጠፋም ነበር፤ ሌላኛው ውስጥ ተቀምጧል።

ከዚያ ላጽዳ ብዬ ተነሳሁ። አንድ ዴስክቶፕ ግን አንድ ፕሮግራም አይደለም። ብዙ ፓኬጆች፣ ማለትም ለየብቻ የሚጫኑ ክፍሎች ነው፤ አንዳንዶቹን ደግሞ ሌሎቹም ይጋሯቸዋል። ዋናውን ስታነሱ ሲስተሙ "እነዚህ ከእንግዲህ አያስፈልጉም" ብሎ ረጅም ዝርዝር ያቀርባል። ያን ዝርዝር ሳታነቡ እሺ እንዳትሉ። የእኔ ዝርዝር ውስጥ ሎግ ኢን ገጹን የሚያመጣው ፕሮግራም ራሱ ነበረበት። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ስከፍተው ያቺ ሰረዝ ብቻ መጣች።

እዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ ካለ አይደንግጥ። ፋይሎቻችሁ ባሉበት አሉ። ኮንትሮል፣ ኦልት እና ኤፍ3ን አንድ ላይ ስትጫኑ በጽሑፍ ብቻ የሚሠራ ሎግ ኢን ይመጣል። ስማችሁንና ፓስወርዳችሁን አስገቡ። ፓስወርዱን ስትጽፉ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም፤ እየተጻፈ ነው፣ ቀጥሉ። ከዚያ የሎግ ኢን ፕሮግራሙን መልሳችሁ ጫኑ። ግኖም አብሮት የሚመጣው ጂዲኤም ነው። ኬዲኢ በብዛት ኤስዲዲኤም፣ ኤክስኤፍሲኢና ሲናሞን (ወደ ታች የምመጣበት ሌላ ዴስክቶፕ ነው) ደግሞ በብዛት ላይትዲኤም።

ለመጫን ኢንተርኔት ያስፈልጋል። የዋይፋዩ ፓስወርድ ዋሌት ውስጥ ተቀምጦ ከሆነ ግን ዴስክቶፑ ውስጥ ሳትገቡ አይከፈትም። እኔን የገጠመኝ ይሄ ነው። ያዳነኝ ስልኬ ነው። በዩኤስቢ ኬብል ሰክቼ ስልኩ ላይ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ የሚለውን ሳበራ ምንም ሳይጠይቀኝ ተገናኘ። ሲስተሙ ስልኩን እንደ ኔትወርክ ገመድ ስለሚቆጥረው ፓስወርድ አይፈልግም። ይቺን ዘዴ ከጽሑፉ ሁሉ ለይታችሁ ያዟት።

ኮምፒውተሩ ተነሳ። ሥራውም ዘግይቶ ደረሰ። ነገሩን የቀየረልኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣ ወሬ ነው። ሰርቨር ላይ የሚሠራ አንድ ባልደረባ አለኝ። ምሬቴን ሲሰማ ቆየና "እስቲ የሚያስቸግሩሽን ነገሮች ጻፊልኝ" አለኝ። ጻፍኩለት። እስክሪብቶውን አውጥቶ በእያንዳንዱ ጎን የማን ጉዳይ እንደሆነ ጫረበት። ዋይፋይ መቋረጥ፦ ድራይቨር (ሃርድዌሩን ከሲስተሙ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም)። ከእንቅልፍ አለመንቃት፦ ከርነልና ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ፕሮግራም)። መንቀራፈፍ፦ በአብዛኛው ዲስኩ። የድምፅ መቆራረጥ፦ ፓይፕዋየር የሚባለው የድምፅ ሰርቨር። ለዴስክቶፑ የቀሩለት ጥቂት ነገሮች ናቸው። መስኮቶችን ጎን ለጎን መደርደር አለመመቸቱ፣ ሁለተኛ ስክሪን ስሰካ ጽሑፉ ማነሱ፣ ፋይል ፍለጋው። "ለእነዚህ ነው ሦስት ዴስክቶፕ የጫንሽው?" አለኝ።

ዲስኩን በኤስኤስዲ፣ በማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ ቀየርኩ። አዲስ ከርነል ይዞ የወጣ ዲስትሮ (እንደ ኡቡንቱና ፌዶራ ያለ፣ ተሰናድቶ የሚመጣ የሊኑክስ ዓይነት) ጫንኩ። መንቀራፈፉ ቀረ፣ ዋይፋዩም ተረጋጋ። ያው "ከባድ ነው" የተባለው ግኖም ላይ። ስለዚህ እናንተም ዴስክቶፕ ለመቀየር ከማሰባችሁ በፊት የሚያስመርራችሁን ነገር ጻፉና ለዩት። የዋይፋይ ካርዱ፣ ባትሪው፣ ብሉቱዙ፣ ክዳን ሲዘጋ የሚመጣው ችግር፣ እነዚህን ዴስክቶፕ መቀየር ብዙ ጊዜ አይፈታቸውም። ፍላሽ ላይ ሌላ ዲስትሮ አስገብታችሁ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሳትጭኑት በቀጥታ ከፍላሹ ብታስነሱት ችግሩ ያው ከሆነ፣ ዴስክቶፑ ላይ አትፍረዱ።

ስለ ራም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቀላል የሚባል ዴስክቶፕ የሚያተርፍላችሁ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ነው። ባለ 2 ጊጋ ማሽን ላይ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ባለ 8 ጊጋ ማሽን ላይ ግን ጥቂት የብሮውዘር ታቦች ይውጡታል። ስትለኩም "ነፃ" የሚለውን ቁጥር አትዩ። ሊኑክስ ሥራ ፈት ራምን ፋይል ለማስታወስ ስለሚጠቀምበት ያ ቁጥር ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። "ሊገኝ የሚችል" የሚለውን እዩ። ኮምፒውተሩ እንደተነሳ ወዲያው መለካትም አይጠቅምም። ግኖምም ኬዲኢም ከጀርባ ፋይሎቻችሁን የሚመዘግቡ ፕሮግራሞች አሏቸው፤ በተለይ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ማሽኑን ያስጨንቁታል። ያ ሲያልፍ ነው እውነተኛው ፍጥነት የሚታየው።

ሁለተኛውን ዙር ሙከራዬን እንዲህ አደረግኩ። ለእያንዳንዱ ዴስክቶፕ የተለየ የተጠቃሚ አካውንት ከፈትኩ። ሴቲንጋቸው አይነካካም፤ አልወደድኩትም ስል አካውንቱን አጠፋዋለሁ፣ የራሴ ፎልደር ንጹሕ እንደሆነ ይቆያል። ፎቶ እያዩ መምረጥንም ተውኩ። ያው የዘወትር ሥራዬን ሠራሁባቸው። ፋይል ፈልጎ ማግኘት፣ የስክሪን ቁራጭ ማንሳት፣ ሁለት ዶክመንት ጎን ለጎን ከፍቶ ማስተያየት፣ ፕሮጀክተር መሰካት፣ በስብሰባ ላይ ስክሪን ማጋራት፣ በአማርኛ መጻፍ። በቀን ደጋግማችሁ የምትሠሩትን ነገር ስንት ክሊክ እንደሚፈጅ ስታዩ ልዩነቱ ራሱ ይናገራል።

ግኖም ውስጥ ስትገቡ ታስክባር የለም። ዴስክቶፑ ላይ አይከን የለም። መስኮት ማሳነሻ ምልክት እንኳ የለም። ረስተውት አይደለም፣ ሆን ብለው ነው። የዊንዶውስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ፣ ሱፐር የምትባለዋን፣ ስትጫኑ የተከፈቱት መስኮቶች ሁሉ ተዘርግተው ይታያሉ። የፕሮግራሙን ስም ሁለት ፊደል ጽፋችሁ ኢንተር ነው። በ2021 ከወጣው ግኖም 40 ወዲህ ወርክስፔሶቹ (መስኮቶችን የምትከፋፍሉባቸው የተለያዩ ገጾች) ወደ ጎን ነው የሚደረደሩት፤ ታችፓድ ላይ በሦስት ጣት ትገፏቸዋላችሁ። ላፕቶፕ ላይ ይሄን የሚያህል የሚመች ነገር አላየሁም። ነካክቼ ላስተካክል ለሚል ሰው ግን ያበሽቃል። የጎደለውን በኤክስቴንሽን፣ ማለትም በሚጨመር ቅጥያ መሙላት ይቻላል፤ ግን ግኖም በየስድስት ወሩ አዲስ ዕትም ያወጣል፣ ኤክስቴንሽኖቹም ለአዲሱ ዕትም እስኪስተካከሉ ይጠፋሉ። አንድ ሁለት ቢሆኑ ምንም አይደል። ግኖምን ዊንዶውስ ለማስመሰል አሥር ኤክስቴንሽን የሚጭን ሰው ግን ግኖምን አልወደደውም ማለት ነው። ሌላ ይሞክር። ደግሞም ኡቡንቱ ላይ ያያችሁት ግኖም ጎኑ ላይ መደርደሪያ ተጨምሮበታል፤ ፌዶራ ላይ ያለው ባዶው ነው። አንዱን አይታችሁ በሌላው አትፍረዱ።

ኬዲኢ ፕላዝማ ተቃራኒው ነው። ገና ስትገቡ ታስክባሩ ከታች፣ ሜኑው ከግራ፤ ከዊንዶውስ ለመጣ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። የማይቀየር ነገር ማግኘት ይከብዳል። እኔን የማረከኝ ዶልፊን የሚባለው የፋይል ፕሮግራሙ ነው። ኤፍ3 ስትጫኑ መስኮቱ ለሁለት ይከፈልና ከአንዱ ፎልደር ወደ ሌላው ታሻግራላችሁ። ሥራዬ ፋይል ማገላበጥ ስለሆነ በዚህ ብቻ ልመርጠው ምንም አልቀረኝም። ኬዲኢ ኮኔክት ደግሞ ስልክን ከኮምፒውተር ጋር ያገናኛል፤ ፋይል መላላኩ፣ የስልክ ኖቲፊኬሽን ስክሪን ላይ ማየቱ። ጥራታቸው የተለያየ ሁለት ስክሪን ላይ ለየብቻ የጽሑፍ መጠን ማስተካከሉም ለእኔ ከሁሉም የተሻለው እዚህ ነው። "ኬዲኢ ከባድና ብልሽቱ የበዛ ነው" የሚለው ስም የመጣው በ2008 ገና ሳይበስል ከወጣው 4.0 ነው። የካቲት 2024 የወጣው ፕላዝማ 6 ከዚያ ጋር የሚገናኝ አይደለም።

የኬዲኢ ወጥመዱ ነፃነቱ ነው። ቀለም፣ አይከን፣ ጥላ፣ አኒሜሽን ስትነካኩ መሽቶ ያድራል። ከሴቲንጉ ውስጥ በቀጥታ የሚወርዱትን የሌላ ሰው ገጽታዎች በጥንቃቄ ያዙ። ሙሉ ገጽታ የሚባሉት ቀለም ብቻ አይደሉም፣ ኮምፒውተራችሁ ላይ የሚሠራ ኮድም ሊኖርባቸው ይችላል። በ2024 እንደዚህ ዓይነት አንድ ገጽታ የአንድ ተጠቃሚ ፋይሎችን አጥፍቶ የኬዲኢ ሰዎች ራሳቸው ማስጠንቀቂያ አውጥተዋል። ከዲስትሮው ጋር በመጡት መቆየት ይሻላል።

ኤክስኤፍሲኢን ኦሊቪዬ ፉርዳን በ1996 ነው የጀመረው። አካሄዱ ዝግ ያለ ነው፤ 4.18 በታኅሣሥ 2022 ወጣ፣ 4.20 ከሁለት ዓመት በኋላ በታኅሣሥ 2024። ይሄ ለአንዳንዱ ድክመት ነው። ለእኔ ግን ለአጎቴ አሮጌ ኮምፒውተር የመረጥኩበት ምክንያት ነው። አፕዴት ባደረገ ቁጥር "ቁልፉ የት ሄደ?" ብሎ አይደውልልኝም። ደካማ ጎኑ ፒክሰላቸው የበዛ አዳዲስ ስክሪኖች ላይ ይታያል። ሁሉ ነገር ይጠብና ማስተካከያው ያታግላል። አዲስ ላፕቶፕ ያለው ሰው ኤክስኤፍሲኢን "ቀላል ነው" ስለተባለ ብቻ ባይጭን ይሻላል።

ሲናሞንና ማቴ የሚባሉት ዴስክቶፖች የተወለዱት ከቁጣ ነው። በ2011 ግኖም 3 ሲወጣ የድሮው አሠራር ስለተቀየረ ብዙ ሰው ተቆጣ። ማቴ ግኖም 2ን እንዳለ ይዞ ቀጠለ። ሊኑክስ ሚንት የሚባለው ዲስትሮ ሰዎች ደግሞ ሲናሞንን ሠሩ። ከዊንዶውስ ለሚመጣና ምንም መነካካት ለማይፈልግ ሰው ሚንትን ከነሲናሞኑ ነው የምመክረው። በጣም ያረጀ ማሽን ላለው ኤልኤክስኪውቲ የሚባል ቀላል ዴስክቶፕ አለ። አያምርም፣ ግን ይሠራል።

በአማርኛ የምትጽፉ ከሆነ ይቺን ከመወሰናችሁ በፊት ሞክሩ። ግኖም ላይ አይባስ የሚባለው የፊደል ማስገቢያ ከሴቲንጉ ጋር የተያያዘ ነው። ኤም17ኤን የሚባለውን ፓኬጅ ጭናችሁ ወጥታችሁ ስትገቡ በእንግሊዝኛ ፊደላት ድምፅ እየተመራችሁ የምትጽፉበት አማርኛ የኪቦርድ ዝርዝሩ ውስጥ ይመጣል። ኬዲኢ ላይ እኔ የምጠቀመው ኤፍሲቲክስ5 የሚባለውን ሌላ የፊደል ማስገቢያ ነው። መጫን ብቻ አይበቃም፤ ሴቲንጉ ውስጥ ኪቦርድ ከሚለው ሥር ቨርቹዋል ኪቦርድ የሚለው ገብታችሁ እሱን መምረጥ አለባችሁ። ስሙ የስክሪን ኪቦርድ ስለሚመስል ማንም እዚያ አይፈልገውም። እኔም ያገኘሁት ተስፋ ቆርጬ ልተወው ስል ነው።

የመጨረሻው የዌይላንድ ጉዳይ ነው። ስክሪን ላይ የሚሳለውን ሁሉ ለረጅም ጊዜ ያስተናገደው ከ1987 ጀምሮ ያለው ኤክስ11 ነው። ዌይላንድ በ2008 የተጀመረ ተተኪው ነው፤ አንዱ ፕሮግራም የሌላውን መስኮት እንደፈለገ እንዳያይ ይከለክላል። ለደህንነት ጥሩ ነው። ግን በቆዩ ፕሮግራሞች ስብሰባ ላይ ስክሪን ስታጋሩ ሰዎቹ ጥቁር ነገር ብቻ ሊያዩ ይችላሉ፤ ከሩቅ ኮምፒውተር የሚቆጣጠሩ አንዳንድ ፕሮግራሞችም እምቢ ይላሉ። ግኖምና ፕላዝማ ዌይላንድን ቀዳሚ ምርጫቸው አድርገዋል። ኤክስኤፍሲኢና ሲናሞን ላይ ገና በሙከራ ደረጃ ነው። ኡቡንቱ 25.10 ላይ ደግሞ ግኖምን በኤክስ11 የመክፈት አማራጩ ጭራሽ ወጥቷል። ስለዚህ ለሥራችሁ የግድ የሚያስፈልጋችሁ የቆየ ፕሮግራም ካለ ቀድማችሁ ዌይላንድ ላይ ሞክሩት። ከስብሰባው በፊት ባለው ቀን ከአንድ ጓደኛችሁ ጋር፣ ሌሎቹ እየጠበቋችሁ ሳይሆን።

እኔ አሁን ሥራዬን ፕላዝማ ላይ ነው የምሠራው። በዶልፊንና በሁለቱ ስክሪኖች ምክንያት። ስክሪናችሁ አንድ ብቻ ከሆነና ታችፓድ ላይ የምትውሉ ከሆነ ግኖምን ከፍታችሁ አንድ ሳምንት ያለ ምንም ኤክስቴንሽን ሥሩበት። ካልተስማማችሁ አካውንቱን አጥፍታችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ።